ብስክሌተኛ እያለ ውድድር ሲጠፋ፦ የኢትዮጵያ የብስክሌት ስፖርት ዳሰሳ

ከአየር ጤና ወደ ሰበታ፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩና ሆለታ የሚወጡት ሁለት ጎዳናዎች የምዕራብ አዲስ አበባ በሮች ናቸው። አንዱ ጅማ ያደርሳል፣ ሌላው አምቦ። ኮልፌ ቀራንዮም ከነዳገቱ፣ ከነቁልቁለቱና ከነቀዝቃዛ ንጋቱ በእነዚህ መውጫዎች ላይ የተዘረጋ ክፍለ ከተማ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል። የብስክሌት አሠልጣኝ በካርታ ላይ ቢያየው የሚጎመጅበት ቦታ ነው። ሆኖም የኢትዮጵያን ብስክሌተኞች ስም ዝርዝር የገለጠ ሰው ከምዕራብ አዲስ አበባ ይልቅ መቀሌን፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ አሥመራን ያገኛል። ይህ ለምን ሆነ? ጥያቄው ከአንድ ክፍለ ከተማ አልፎ የአገሪቱን የብስክሌት ስፖርት ታሪክ በሙሉ ይነካል። መልሶቹም እርስ በርስ የሚጋጩ ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ነገሮችን ለይቶ መነሣት

ብስክሌት የሚነዳ ሕዝብና ብስክሌት የሚወዳደር ሕዝብ አንድ አይደሉም። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳማ ከተሞች ናቸው፤ ተማሪው፣ መምህሩ፣ ሠራተኛው በብስክሌት ሲመላለስባቸው ኖሯል። በአዲስ አበባ ሰፈሮችም ስንት ልጅ በደቂቃ ሒሳብ በተከራየው ብስክሌት መንዳት ለምዷል። ይህ ሁሉ ግን ለውድድር ስፖርት በቀጥታ አልተረፈም። ኮርስ ብስክሌት ላይ ጎንበስ ብሎ 150 ኪሎ ሜትር መጓዝ፣ በመቶ ሰው መካከል ቦታ አለመልቀቅ፣ በቁልቁለት ፍሬን ሳይዙ መታጠፍ ሌላ ሙያ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት አንድ ጎበዝ በማውጣትና ትውልድ በማውጣት መካከል ያለው ነው። አንድ ጎበዝ በአጋጣሚም ሊወጣ ይችላል። የአልባኒያው ዩጀርት ዡፓ የጣሊያንን ጂሮ ሲወዳደር ያየ ሰው አልባኒያ የብስክሌት አገር ሆነች ብሎ ሊደመድም ይችል ነበር፤ ልጁ ያደገውና የሠለጠነው ግን ጣሊያን ውስጥ ነው። ስለ ኢትዮጵያም ሲወራ ይህ መምታታት ብዙ ጊዜ ይታያል። አንድ ስም ይጠራና ስፖርቱ እንዳለ ይቆጠራል፤ ያ ስም ሲዘነጋ ደግሞ ስፖርቱ ሞተ ይባላል።

አሥመራ፣ አዲስ አበባና የሜልቦርን ቡድን

የብስክሌት ውድድር ወደ አፍሪካ ቀንድ የገባው በጣሊያኖች እጅ ነው። በ1930ዎቹ አሥመራ ውስጥ የጣሊያን ክለቦች ነበሩ፤ የአገሬው ተወላጅ ግን ከእነሱ ጋር እንዳይወዳደር ተከልክሎ ነበር። በ1939 ሁለቱ ወገኖች አንድ ላይ እንዲጋጠሙ በተፈቀደበት ውድድር ገብረማርያም ገብሩ ጣሊያኖቹን ማሸነፉ እስካሁን ይነገራል። በ1946 የኤርትራ ዙር ተጀመረ። በ1952 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ ይህ ሁሉ ልምድና ክለብ አብሮ መጣ።

ከአራት ዓመት በኋላ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ ስትቀርብ የተሰለፈችው በሁለት ስፖርት ብቻ ነው፦ በአትሌቲክስና በብስክሌት። ማሞ ወልዴ የመጀመሪያ ኦሊምፒኩን ያየበት ያ የሜልቦርን ጉዞ ለብስክሌቱም መጀመሪያ ነበር። ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ባሸነፈበትና ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ በፈጀው የጎዳና ውድድር ገረመው ደንቦባ 24ኛ ወጣ። ከመስፍን ተስፋዬና ከፀሐዬ ባሕታ ጋር በተደመረ ደረጃ ቡድኑ 9ኛ ሆነ። ሊሰመርበት የሚገባ ውጤት ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት ኢትዮጵያን ከዓለም መካከለኛ ደረጃ ያስገባት አንዱ ስፖርት ብስክሌት ነበርና። ዛሬ ይህን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

በሮም፣ በሜክሲኮና በሙኒክ ኦሊምፒኮችም ብስክሌተኞች ተሰልፈዋል፤ እንደ የማነ ነጋሲና ተከስተ ወልዱ ያሉ ስሞች የዚያ ዘመን ናቸው። በ1980 ሞስኮ ላይ በቡድን ክሮኖሜትር የተሰለፉት ሙሴ ዮሐንስ፣ ጥላሁን ወልደሰንበት፣ ጀማል ሮጎራና ጓዶቻቸው ነበሩ። በ1992 ባርሴሎና ከታየው ቡድን በኋላ ግን እስከ 2016 ድረስ፣ 24 ዓመት ሙሉ፣ በኦሊምፒክ የኢትዮጵያን መለያ ለብሶ የታየ ብስክሌተኛ የለም።

ለዚህ ክፍተት የሚቀርበው የመጀመሪያ ማብራሪያ ቀላልና አሳማኝ ይመስላል፤ ኤርትራ በ1993 ነፃ ስትወጣ ስፖርቱ አብሯት ሄደ የሚል ነው። የ1960ዎቹ ብሔራዊ ቡድን አሥመራ ላይ በእጅጉ የተደገፈ እንደነበር የሚክድ የለም። ሁለት ነገሮች ግን ይህን «የውርስ» ማብራሪያ ምሉዕ እንዳይሆን ያደርጉታል። ስምን አይቶ የትውልድ ቦታን መገመት በዚህች አገር ወጥመድ ነው፤ ስሙ የአሥመራ የመሰለ ሁሉ የአሥመራ ልጅ አይደለም። በዚያ ላይ የሞስኮው ቡድን የተሰለፈው በኤርትራ ጦርነቱ እየከፋ በሄደበት ዘመን ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚወዳደር ሰው በዚያም ጊዜ አልጠፋም ማለት ነው። እንግዲያው ከ1992 በኋላ የተቋረጠው የአሥመራ ውርስ ብቻ አይደለም፤ ሌላም ነገር አለ። የደርግ ሥርዓት ሲወድቅ የመንግሥትና የጦር ሠራዊት ስፖርት አወቃቀር አብሮ መናጋቱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ይህን ወገን በማስረጃ አጠናክሮ የጻፈ ግን ብዙም አይታይም።

መቀሌና የኩባንያ ክለቦች

ስፖርቱ ተመልሶ ብቅ ያለው በሰሜን ነው። ትራንስ ኢትዮጵያ፣ ጉናና መስፍን ኢንዱስትሪያል በትግራይ የብስክሌት ክለብ አቋቁመው ደመወዝ የሚከፍሉ ኩባንያዎች ሆኑ። የዚህ ዘመን ታላቁ ፍሬ ከትራንስ ኢትዮጵያ የወጣው ጽጋቡ ግርማይ ነው። በ2012 የደቡብ አፍሪካውን ኤምቲኤን ኩቤካ ቡድን ተቀላቀለ፤ በ2015 ወደ ጣሊያኑ ላምፕሬ ሜሪዳ፣ ኋላም ወደ ባሕሬን ሜሪዳ፣ ትሬክና ሚቸልተን ስኮት ተሸጋገረ። በ2016 የቱር ደ ፍራንስን መነሻ መስመር የረገጠ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ በዚያው ክረምት ሪዮ ላይ የ24 ዓመቱን ክፍተት ዘጋ። ከእሱ ቀጥሎ ሙሉ ኃይለሚካኤል በ2020 የሩዋንዳ ዙርን አንድ ምዕራፍ አሸነፈ፤ ነጋሲ ኃይሉ ደግሞ በ2023 የስዊዘርላንዱን ኪዩ 36.5 ቡድን ተቀላቀለ።

ለመሆኑ ለምን መቀሌ? አንደኛው ወገን «ለአሥመራ ቅርብ ናት፤ ቋንቋውና ባህሉ አንድ ነው፤ ሰንዓፈ ላይ ሲወዳደሩ ዓዲግራት ላይ ይሰማል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ገንዘቡን ይጠቁማል። ኩባንያዎቹ ብስክሌቱን ገዙ፣ ምግቡን ቻሉ፣ ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስ ሥራ ፍለጋ እንዳይንከራተት አደረጉ። የመጀመሪያው ወገን ለጥያቄው አንድ ቀዳዳ ይተዋል፦ ከ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት እስከ 2018 ድንበሩ ዝግ ነበር። ጽጋቡ ያደገው፣ ክለቦቹም የተጠናከሩት በዚያ የዝግ ድንበር ዘመን ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ኩባንያዎቹ ከስፖርቱ ሁሉ መርጠው በብስክሌት ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ ለምን እንደወደዱ አያስረዳም። ምናልባት መልሱ ተመልሶ ውርሱ ላይ ይወድቅ ይሆናል። በእኔ ግምት የሚዛኑ ከባድ ወገን ክለቡ ነው፤ ውርሱ የክለቡ ባለቤት የት ላይ ገንዘቡን እንደሚያፈስ የወሰነ ይመስላል እንጂ ልጁን በራሱ ብስክሌተኛ አላደረገውም።

ከፍታው፣ ብሩና ካላንደሩ

አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሯጮቻችንን የሠራ ከፍታ ብስክሌተኛም መሥራት አለበት ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው። ኮሎምቢያ ለዚህ ዋና ምስክር ሆና ትጠቀሳለች፦ ኢጋን በርናል ያደገው ከ2,600 ሜትር በላይ ባለችው ዚፓኪራ ሲሆን በ2019 ቱር ደ ፍራንስን አሸንፏል። ግን ኮሎምቢያን የሚጠቅስ ሰው ግማሹን ታሪክ ይዘላል። የኮሎምቢያ ዙር የተጀመረው በ1951 ነው፤ ሉቾ ኤሬራ የስፔንን ዙር ያሸነፈው በ1987 ነው። በመካከሉ 36 ዓመት ሙሉ የአገር ውስጥ ውድድር አለ።

ሩጫና ብስክሌት የሚለያዩበት ቦታም እዚህ ነው። ሯጭ እንጦጦ ላይ ብቻውን ተነሥቶ ሊያድግ ይችላል። ብስክሌተኛ ግን ከፊቱ ያለውን ተከልሎ ሲነዳ ከሚያወጣው ጉልበት ሩብ ወይም ሲሶ ያህሉን ይቆጥባል፤ ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ሰልፉ ሰያፍ ይሆናል፣ በዚያ ሰያፍ ውስጥ ቦታ ያጣ ሰው ሳንባው ምንም ያህል ቢሆን ይቆረጣል። ካቴናውና ማርሹ የማይገልጡት ይህ ጥበብ የሚገኘው መቶ ሰው በሚገፋፋበት እውነተኛ ውድድር ውስጥ ብቻ ነው። ጥቂት ልጆች በሰበታ መንገድ ከኋላቸው ሚኒባስ ጥሩንባ እየነፋባቸው ቢለማመዱ የልብ ምታቸው ይሻሻል ይሆናል፤ ሰልፍ ውስጥ መኖር ግን አይለምዱም። ከፍታ ያለ ውድድር ጥሩ ሳንባ ያለው ጀማሪ ያወጣል።

የገንዘቡ ክርክር የበለጠ ሥጋ አለው። ደህና የሚባል የውድድር ብስክሌት 3,000 ዶላር ይፈጃል ብንል፣ ከሐምሌ 2024 በፊት በነበረው 57 ብር ገደማ ምንዛሪ 171 ሺህ ብር ነበር። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ 120 ብር ሲደርስ ያው ብስክሌት 360 ሺህ ብር ሆነ። ጎማው፣ ካማራዳሪያው፣ ካቴናው፣ ጫማው በዚህ ላይ ይደመራል፤ መርካቶ የሚገኘው መለዋወጫም በአብዛኛው ለተራ ብስክሌት የሚሆን ነው። የሰፈር ጎሚስታ የተራውን ጎማ ይለጥፋል፤ የካርቦን ቸርኬ ሲሰነጠቅ ግን ጥገና የለውም። ነገሩ እውነት ነው። ግን ኤርትራ ሀብታም ሳትሆን ዳንኤል ተክለሃይማኖትን በ2015 የቱር ደ ፍራንስን የዳገት ንጉሥ መለያ አልብሳለች፤ ቢንያም ግርማይ በ2024 ሦስት ምዕራፍ አሸንፎ አረንጓዴውን መለያ ይዞ ገብቷል። ሩዋንዳም ሀብታም አይደለችም። ድህነት የስፖርቱን ዋጋ ያስወድዳል እንጂ ልዩነቱን ብቻውን አያስረዳም።

ሦስቱ አገሮች በግልጽ የሚለያዩት በካላንደራቸው ነው። ኤርትራ የራሷን ዙር በ2001 መልሳ አቋቋመች፤ አሥመራ ውስጥም የእሑድ ውድድር የተለመደ ነገር ነው። የሩዋንዳ ዙር ከ2009 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ካላንደር ውስጥ ገብቶ በ2019 ደረጃው አደገ። ኢትዮጵያ በ2016 በመለስ ዜናዊ ስም የተሰየመ ዙር አዘጋጅታ በአፍሪካ ካላንደር ላይ ብቅ ብላ ነበር፤ ሥር ሳይሰድ ቀረ። የዚህ ጉዳት ከክብር ያልፋል። የዓለም ሻምፒዮናና የኦሊምፒክ ኮታ የሚወሰነው በአብዛኛው በነጥብ ነው፣ ነጥብ የሚገኘው ደግሞ በተመዘገበ ውድድር ነው። በአገሩ እንዲህ ያለ ውድድር የሌለው ብስክሌተኛ ነጥብ ለመልቀም የአውሮፕላን ቲኬት ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ገንዘቡና ካላንደሩ ይገናኛሉ፦ ለውጭ ጉዞ የሚከፈለው የውጭ ምንዛሪ በአገር ውስጥ ውድድር ሊቀንስ ይችል ነበር።

ሴቶቹ

የኦሊምፒክ የሴቶች ብስክሌት ውድድር የተጀመረው በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ያንን ኦሊምፒክ ከሶሻሊስቱ ጎራ ጋር ሆና አልተሳተፈችም፤ በ1988ም አልሄደችም። ከ1992 በኋላም ብስክሌቱ ራሱ ተኛ። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና 10,000 ሜትርን ካሸነፈች በኋላ የሴት ሯጭ መንገድ ሲሰፋ፣ የሴት ብስክሌተኛ መንገድ እስከ ቶኪዮ ድረስ አልደረሰም። በ2021 ሰላም አምሃ በቶኪዮ የጎዳና ውድድር ስትሰለፍ ከሎስ አንጀለስ 37 ዓመት አልፎ ነበር።

ሆኖም የሴቶቹን ታሪክ የወንዶቹ ዘግይቶ የመጣ ቅጂ አድርጎ ማየት ስሕተት ይመስለኛል። የሰላም፣ የእየሩ ገብሩና የትርሐስ ተክለሃይማኖት ትውልድ ከወንዶቹ ባጠረ ጊዜ ውስጥ ወደ ዓለም አቀፉ ሰልፍ ገባ። ለዚህ ሁለት ምክንያት ይሰጣል። ስዊዘርላንድ ኤግል ያለው የዓለም አቀፉ ኅብረት ማሠልጠኛ ማእከል ከአፍሪካ ሴቶችን ሆን ብሎ ይቀበል ነበር። የሴቶች ሰልፍ ደግሞ በዓለም ደረጃም ገና እየተገነባ ስለነበር በሩ ጠባብ ቢሆንም ወረፋው አጭር ነበር፤ የሴቶቹ ቱር ደ ፍራንስ በዛሬው መልኩ የተጀመረው በ2022 ነው። ይህ ክርክር ትክክል ከሆነ ብዙም የማያስደስት ነገር ይከተለዋል፦ የአውሮፓ ቡድኖች በሴቶች ላይ የሚያወጡት ገንዘብ በጨመረ ቁጥር ያ አጭር ወረፋ ይረዝማል። ከአገር ውስጥ ደግሞ ሴት ልጅ ለብቻዋ ወይም ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በአውራ ጎዳና ላይ የምትለማመድበት ደኅንነት ጉዳይ አለ። ለወንድ ልጅ አስቸጋሪ የሆነው መንገድ ለሴት ልጅ ሁለት እጥፍ ነው፤ ከመኪናው በላይ ከዳር የሚወረወረው ቃልም አለ። ክለብ አጃቢ መኪና ከሌለው ብዙ ወላጅ እሺ አይልም። በዚህ ላይ የሚከራከር አላየሁም፤ የሚሠራበትም እንዲሁ።

ከጦርነቱ በኋላ የማን ውጤት?

በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲነሣ የስፖርቱ እምብርት ተመታ። ከፕሪቶሪያው የ2022 ስምምነት በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ባንክ፣ መብራትና ስልክ በተቋረጡበት ክልል ስለ ክለብ ማውራት ራሱ ቅንጦት ነበር። ውጭ የነበሩት ብስክሌተኞች ቤተሰባቸውን በስልክ ማግኘት ተስኗቸው ሲወዳደሩ፣ አገር ውስጥ የነበሩት ብስክሌት ከመንዳት ወደ መትረፍ ዞሩ።

እየሩ ገብሩ ወደ ፈረንሳይ ተሰደደች፤ ነሐሴ 2024 ፓሪስ ላይ በሴቶች የጎዳና ውድድር የተሰለፈችው በኢትዮጵያ መለያ ሳይሆን በ37 አትሌቶች የስደተኞች ኦሊምፒክ ቡድን ነው። በሪዮው የመጀመሪያው የስደተኞች ቡድን ማራቶን የሮጠው ዮናስ ኪንዴም ኢትዮጵያዊ ነበር። እዚህ ላይ ሁለት አቋም አለ። አንዱ፣ አገር ያሳደገውን ሰው ውጤት አገር መቁጠር አለባት ይላል፤ ብስክሌቱን የገዛው፣ የመጀመሪያውን ውድድር ያዘጋጀው እዚሁ ነው። ሌላው፣ ጥበቃ ያላገኘን ሰው ውጤት መልሶ መጠየቅ ነውር ነው ይላል። ከሁለቱ የትኛውም ስለ ብዙኃኑ አይናገርም፦ ውጭ ለውድድር ሄደው ስላልተመለሱት ወጣቶች። ፌዴሬሽኖች ይህን በዲሲፕሊን ዓይን ያዩታል፤ የሄደው ልጅ ግን ተመልሶ የሚወዳደርበት ካላንደር እንዳልነበረው ይናገራል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ውጭ መቅረትን የሚያበረታታው ከፖለቲካው ቀጥሎ ባዶው ካላንደር ነው።

መስከረም 2025 የዓለም የጎዳና ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ፣ ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። ለአዲስ አበባ የቀረበው ትምህርት ከተማ መንገዱን ለብስክሌት ውድድር መዝጋት ይቻለዋል የሚለው ነው፤ እኛም ከታኅሣሥ 2018 ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል ለእግረኛ ስንዘጋ ቆይተናል።

በምዕራቡ በር ያልተሞከረው

የኮሪደር ልማቱ በአዲስ አበባ አንዳንድ ጎዳናዎች ዳር የብስክሌት መስመር አስገብቷል። ይህ ለስፖርቱ ይጠቅማል ወይ በሚለው አሁንም ስምምነት የለም። ደጋፊዎቹ፣ ልጅ ብስክሌት ላይ ካልወጣ ተወዳዳሪ አይሆንም ይላሉ። ተጠራጣሪዎቹ ባሕር ዳርን ያነሣሉ፦ ብስክሌት ሞልቶ የቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪ ያልወጣባት ከተማ። የተጠራጣሪዎቹ ክርክር ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ባሕር ዳር ትራንስ ኢትዮጵያን የመሰለ ክለብ ስላልነበራት ንጽጽሩ ሙሉ አይደለም።

ውርስ ወይስ ክለብ የሚለውን ክርክር ሊፈታ የሚችለው የአሥመራ ውርስ በሌለበት ቦታ የመቀሌ ዓይነት ክለብ ሲቆም ብቻ ነው። ኮልፌ ቀራንዮ ለዚህ የሚመች ቦታ ነው፦ ሁለት የከተማ መውጫ፣ ከፍታ፣ በቤቴልና በዓለም ባንክ የተዘረጋ ወጣት ነዋሪ፣ በአቅራቢያው የመርካቶ ነጋዴ ገንዘብ። የሚያስፈልገው ደመወዝ የሚከፍል አንድ ባለቤትና በወር ሁለት እሑድ ለጥቂት ሰዓት የሚዘጋ ዙር መንገድ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ከዚያ ክለብ ብስክሌተኛ ከወጣ፣ የክለቡ ወገን አሸንፏል፤ ካልወጣም የውርሱ ወገን ነጥብ ያገኛል። እስከዚያው ድረስ ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው ማስረጃ ከአንድ ክልል የተገኘ ነው፤ በአንድ ክልል ማስረጃ ደግሞ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ አይቻልም።